የዋካንዳ ብርድ ልብስና የአገው ፈረስ

ዋካንዳ በ1966 እ.ኤ.አ. ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በኮሚክ መጽሔት የፈጠሯት አገር ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. ራያን ኩግለር «ብላክ ፓንተር» በሚለው ፊልሙ ወደ ሲኒማ ሲያመጣት መልኳን የሰጧት የአልባሳት ዲዛይነሯ ሩት ካርተርና የፕሮዳክሽን ዲዛይነሯ ሃና ቢችለር ናቸው። ሁለቱም በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ወስደዋል፤ በየዘርፋቸውም የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሸናፊዎች ሆነዋል። ሽልማቱ ይገባቸዋል። ጥያቄዬ ከእውነተኛ ሕዝቦች የወሰዱትን ከነምክንያቱ ወስደውታል ወይ የሚል ነው።

ከነምክንያቱ የተወሰደ አለ። የዋካንዳ ንግሥት ራሞንዳ የምትደፋው ሰፊ ቆብ መነሻው ያገቡ የዙሉ ሴቶች ኢሲቾሎ ነው። በባለሦስት አውታር ማተሚያ ቢሠራም የእመቤትነት ወጉን አልለቀቀም። የድንበር ጠባቂዎቹ ብርድ ልብስ ደግሞ የሌሶቶ ባሶቶዎች ነው። ፊልሙ ይህን ልብስ ጋሻ ያደርገዋል። ከቁር የሚከልለው ከጦርም እንዲከልል ማድረግ ከልብሱ ሥራ የፈለቀ ብልህ ፈጠራ ነው።

ግን ባሶቶ ደገኛም ፈረሰኛም ነው። ፊልሙ ፈረሱን ትቶ አውራሪስ ያሰልፋል፤ ብርድ ልብሱም ከባለቤቱ ኑሮ ይነጠላል። ምን እንደጎደለ ማየት የሚሻ በዘንገና ሐይቅ አቅራቢያ ወዳለችው እንጅባራ ዘልቆ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ይመልከት። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞቹ ማኅበር የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ያስባል። የሰባት ቤት አገው ፈረስ የሚሸለመው ባለውለታ ስለሆነ ነው። ጌጡን ብቻ ቀድቶ ውለታውን የተወ ዲዛይነር የያዘው ጨርቅ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ከእኛው አገር ከኢትዮጵያ የተወሰደው ነው። የወንዝ ነገድ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ገል ያደርጋል። በሙርሲና በሱርማ ግን ይህ የሴቶች ጌጥ ነው። ፊልሙ ለወንድ ሲሰጠው ምክንያቱን አይነግረንም፤ ተመልካች የሚይዘው ግርምቱን ብቻ ነው።

ፒተር ጃክሰን በ2002 እ.ኤ.አ. የደራሲ ቶልኪንን ምናባዊ የሮሃን ፈረሰኞች በፊልም ሲቀርጽ የተከተለው ሌላ መንገድ ነው። ቶልኪን ስማቸውንና ንግግራቸውን ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ስለወሰደ፣ የፊልሙ አዳራሽ፣ የራስ ቁርና የፈረስ ቅርጽ ሁሉ ወደ አንድ ሕዝብ ዓለም ያደላሉ። ዋካንዳ ግን ብዙ ሕዝቦችን በአንድ ጥላ ሥር ለማሰባሰብ ስትል ብዙዎቹን ከላይ ከላይ ነክታ አልፋለች። ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካን የማሳየት ምኞቷን አከብራለሁ፤ ያ ምኞት ግን ጥልቅ ጥናት ይሻል እንጂ የጌጥ ክምችት አይበቃውም።

ይህ ለእኛ ሲኒማም ትምህርት ነው። የዋካንዳ የዙፋን ፍልሚያ የሚካሄድበት ፏፏቴ አትላንታ አቅራቢያ የተሠራ ነው፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ በደን የተከበበው ክቡ ዘንገና ግን እዚሁ አለ። የራሳችንን ምናባዊ አገር የምንሠራ ከሆነ ቦታው ብቻ አይበቃም። የአልባሳት ባለሙያው ካሜራው ከመምጣቱ በፊት ከአገው አዊ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱ ጌጥ ለምን እንደሚታሰር ይጠይቅ። በጀት የሚመደብለት የመጀመሪያ ሥራ ይህ ይሁን።