እምቡጡ ሳይፈነዳ

የአተር አበባ በፈካች ጊዜ ጋብቻዋ አልቋል። ንብ ብትመጣ ዘግይታለች፤ የአበባው ዱቄት እምቡጡ ሳይከፈት በራሷ ሴቴ ጫፍ ላይ ረግፏል። ስለዚህ ሁለት ዝርያ ለማዳቀል የተነሣ ሰው አበባዋን መቅደም አለበት። እኔ በግብርና ምርምር ውስጥ ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል ስስ የሆነ የእጅ ሙያ አላየሁም።

አዳቃዩ እምቡጡን በግራ እጁ አውራ ጣትና ጠቋሚ መካከል ይይዛል። መያዝ ስል መንካት ማለቴ ነው፤ ጥቂት ቢጫን አንገቷ ይቀነጠሳል። በቀኙ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ወረንጦ አለ። ትልቁን መልካበባ ወደ ኋላ ይገልጣል፣ ሁለቱን ክንፎች ይለያል፣ ከዚያም እንደ ታንኳ የተጋጠሙትን ሁለቱን ውስጠኞች በጠርዛቸው ይሰነጥቃል። እዚያ ውስጥ 10 ወንዴዎች አሉ፤ 9ኙ ከሥራቸው ተያይዘው ሴቴዋን እንደ እጅጌ ከበዋታል፣ አሥረኛው ብቻውን ቆሟል። አሥሩንም እየቆጠረ ይለቅማቸዋል። ጫፋቸው ሲነካ ቢጫ ዱቄት ብን ካለ ጊዜው አልፏልና ያ እምቡጥ ይጣላል።

አባት የምትሆነው አበባ ዕለቱን የፈካች ናት። ከሴቴዋ ጫፍ ዝቅ ብሎ ጥቃቅን ጠጉር አለ፤ የገዛ አበባዋን ዱቄት ያራገፈችው እዚያ ላይ ነው። አዳቃዩ ያቺኑ ቀንጥሶ እንደ ብሩሽ ይይዝና የእናቲቱን ጫፍ ያብሳል። ብሩሹን አበባዋ ራሷ ሠርታ አቀረበችለት። ከዚያ በክር ምልክት ያስራል፦ መጀመሪያ የእናት ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ ቀኑ። ያ ሁሉ ድካም የሚሰጠው አንድ ቆባ፣ በውስጡም ጥቂት ፍሬ ነው።

እጁ መታመን አለመታመኑም ይፈተናል። ባለ ነጭ አበባ እናት ከባለ ወይን ጠጅ አበባ አባት ጋር ብትዳቀል ልጆቹ ወይን ጠጅ ማበብ አለባቸው። ነጭ ያበበ ከተገኘ አንድ ወንዴ ሳይለቀም ቀርቶ እናቲቱ ራሷን አርግዛለች ማለት ነው።

መረጣው ግን ሌላ ዓይነት ጥበብ ይጠይቃል፤ ዓይንን መከልከል። በሁለተኛው ትውልድ መደቡ ሲከፈት እያንዳንዱ ተክል የተለየ ነው፦ ረጅሙ፣ ድንኩ፣ ቀድሞ ያበበው፣ ቆባ የተንዠረገገበት። ጀማሪ ሰው ወደ ተንዠረገገው ይሮጣል። የበሰለው አዳቃይ ዘሩ ነው ወይስ ፍጉ ብሎ ይጠይቃል። ምናልባት ጎረቤቱ ሳይበቅል ቀርቶ ሰፊ ቦታ አግኝቷል፤ ምናልባት ሥሩ የቆመው ውሃ በማይተኛበት ጉብታ ላይ ነው። የፍሬ ክብደት ከወላጅ ወደ ልጅ በታማኝነት ይተላለፋል፤ የምርት ብዛት ግን ለአፈሩና ለዝናቡ ይገዛል። ደግሞም ምርት የሦስት ነገር ብዜት ነው፦ የቆባው ቁጥር፣ በቆባው ውስጥ ያለው ፍሬ፣ የፍሬው ክብደት። አንዱን ሲስቡት ሌላው ይሸሻል፤ ቆባ ሲበዛ ፍሬው ይቀጥናል።

እናም ይታገሣል። አተር ራሱን በራሱ ስለሚያራባ ቅይጥነቱ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፦ በሁለተኛው ትውልድ 50 በመቶ፣ በሦስተኛው 25፣ በስድስተኛው 3 በመቶ ገደማ። ዘሩ ከረጋ በኋላ ነው በየቦታው በድግግሞሽ ተዘርቶ፣ ከገበሬው ነባር ዝርያ ጎን ቆሞ፣ በሚዛን የሚፈረድበት። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው መነኩሴ ሜንዴልም በብርኖ ገዳም 34 የአተር ናሙና ተቀብሎ፣ ዘራቸው መጥራቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ፈትኖ፣ 22ቱን ብቻ ለሙከራው አስቀረ። በዝነኛው ሥራው ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ከቀመሩ ይልቅ ያ የሁለት ዓመት ፈተና ነው።

አንድ መልክ ግን ዓይን ቢመርጠውም አይከፋም። ቅጠሉ ወደ ጠምጣሚ ክርነት የተለወጠ አተር አለ፤ ተክሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆማሉ፣ በዝናብም በቀላሉ አይጋሸቡም። ባቄላና አተር ቀላቅሎ የሚዘራው የደጋ ገበሬ የባቄላውን አገዳ ለአተሩ ምርኩዝ ሲያደርግ የኖረው ለዚሁ ነበር።

በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ የሚበቅለው ደቆቆ የተባለ አተር ደግሞ የአዳቃዩን እጅ ይበልጥ ይፈትናል። ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ለወጥ የሚወደድ፤ ከተራው አተር ጋር ሲዳቀል ግን ልጆቹ በከፊል ይመክናሉ፣ ከአበባቸው ዱቄት ብዙው ሙት ነው፣ ቆባቸውም ክፍተት ይበዛዋል። አዳቃዩ ቆባውን በጥፍሩ ይከፍታል። ሁለት ፍሬ ተገኘ። ሁለቱን በትንሽ ፖስታ ይከታል፣ የእናቱን ስም ይጽፋል፣ የአባቱን ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ቆባ ያልፋል።