ስለ እርጎ የምንሰጠው ያልተሟላ ምክር

ስለ አመጋገብ የምንሰጠው ትምህርት እርጎን የፕሮቲንና የካልሲየም ምንጭ፣ በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎቹም ለአንጀት ሚዛን ረዳት አድርጎ ያቀርበዋል። ውዳሴው መሠረት ቢኖረውም ጎደሎ ነው፤ ወተቱ ከመርጋቱ በፊት መፍላቱን አይጠይቅምና።

ሰበታና ሱሉልታ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡት አካባቢዎች መካከል ናቸው። በእነዚህና በአጎራባች ሥፍራዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በቆዳ ምርመራ ከታዩት የወተት ከብቶች 30 በመቶ ያህሉ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምልክት እንደተገኘባቸው ገልጿል። የእርጎ ኮምጣጣነት ደግሞ ይህን ተህዋስ ለመግደል አስተማማኝ አይደለም።

ስለዚህ «እርጎ ጠጡ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ወተቱ ይፈላ፤ ለብ ሲል ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወተት የተሠራ ጥቂት እርጎ ተጨምሮበት ይርጋ። በማፍላት የጠፉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያ ጥቂት እርጎ ይተካቸዋል፤ ጥቅሙም ያለ ሥጋት ይገኛል።