የልደት ቀንና የጥበብ ዝምድና

የታወቁ ሙዚቀኞችን በልደት ቀናቸው እየመደቡ ማስታወስ በጋዜጦችና በሬዲዮ ፕሮግራሞች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። «በዛሬው ዕለት ከተወለዱት መካከል» ተብሎ ይጀመርና ሁለት ሦስት ስሞች ይጠራሉ፤ ከየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ዘፈን ይሰማል፤ ፕሮግራሙም ያበቃል። አድማጩ ጥቂት ጊዜ ቢደሰትም ስለ ሙዚቃው የሚጨብጠው ቁም ነገር እምብዛም ነው። ጉዳቱ ይኸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በዝምታ ማለፍ በተቻለ ነበር። ዳሩ ግን ስሞች በአንድ ረድፍ ሲሰለፉ በመካከላቸው ዝምድና ያለ ያስመስላሉ። ከዚህም የተነሣ ማን ከማን እንደ ተማረ፣ ማን የማንን ሥራ እንደ ወረሰ፣ ማንስ የድካሙን ዋጋ ሳያገኝ እንደ ቀረ ሳይጠየቅ ይታለፋል። የሂስ ተግባር ደግሞ የሚጀምረው ከነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 8 ቀን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) በዚህ ዕለት በ1935 ኤልቪስ ፕሬስሊ በአሜሪካ፣ በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር፣ በቱፔሎ ከተማ ተወለደ። በ1937 ሸርሊ ባሲ በዌልስ በካርዲፍ ወደብ ተወለደች። በ1947 ደግሞ ዴቪድ ቦዊ ለንደን ውስጥ ብሪክስተን በተባለው ሠፈር ተወለደ። ሦስቱ ልደቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚውሉት ታኅሣሥ 30 ቀን 1927፣ 1929 እና 1939 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የገና በዓል ማግስት መሆኑ ነው። ሦስቱም በየፊናቸው ዝናቸው ከአገራቸው ድንበር አልፎ የሄደ በመሆኑ ዕለቲቱ የተለየ ኃይል ያላት መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ግጥምጥሞሹ የሚመስለውን ያህል ብርቅ አይደለም። በሒሳብ እንደሚታወቀው 23 ሰዎች በአንድ ክፍል ቢሰበሰቡ ከመካከላቸው ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ስማቸው በዓለም የታወቀ ሙዚቀኞች በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ የዓመቱ ቀናት ግን ከ366 አይበልጡም። እንግዲህ ለየቀኑ ብዙ ስሞች ቢደርሱት የቁጥር ጉዳይ እንጂ የዕጣ ፈንታ ጉዳይ አይደለም። በቀድሞው የአገራችን ልማድም ዐውደ ነገሥት ገላጩ ኮከብ የሚቆጥረው ከሰውየውና ከእናቱ ስም ፊደላት ተነሥቶ ስለ ነበር፣ የልደት ቀን ብቻውን የሰውን ጠባይ ይወስናል የሚለው እምነት ለአንባቢው ከሩቅ የመጣ ነው።

የልደት ቀን ምን ያህል አቅም እንደሌለው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረዳው የኤልቪስ የራሱ ልደት ነው። በቱፔሎ ሁለት ክፍል ብቻ ባላት የእንጨት ቤት በዚያ ዕለት የተወለዱት መንትዮች ነበሩ። ወንድሙ ጄሲ ጋረን ግን ሕይወት ሳይኖረው ተወለደ። እናቲቱ አንዲት፣ ጣራው አንድ፣ ቀኑም አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ ስም ዓለምን ሲያዳርስ የሌላው በመቃብር ቀረ። በዚህ ፊት ስለ ዕለቲቱ በጎ ዕድል መናገር ከቀልድ አያልፍም።

እንግዲህ ሦስቱን ከያንያን የሠራቸው ምንድን ነው? መልሱ ለየቅል ነው። ኤልቪስ በልጅነቱ በጴንጤቆስጤያውያን ቤተ ክርስቲያን የሚዘመረውን መዝሙር፣ በሬዲዮ የሚሰማውን የነጮች የገጠር ዘፈንና የጥቁሮችን ብሉዝ በአንድነት ሲያዳምጥ አደገ። ቤተሰቡ በ1948 ወደ ሜምፊስ ሲዛወር እነዚህ ሁሉ ድምፆች የሚገናኙበት ከተማ አገኘ። በጁላይ 1954 በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ የቀረጸው የመጀመሪያ ሸክላ የዚህ ሁሉ ማስረጃ ነው። በአንዱ ገጽ የጥቁሩ የብሉዝ ዘፋኝ የአርተር ክራዳፕ ሥራ፣ በሌላው ገጽ የነጩ የቢል ሞንሮ ሥራ ይገኛል። በዚያ ዘመን በሕግና በልማድ ተለያይተው የሚኖሩ ሁለት ሕዝቦች ዜማ በአንድ ሸክላ ጀርባና ፊት ተገናኘ። የኤልቪስ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ጋር ሊነገር ይገባል። ከ1956 እስከ 1969 በተሠሩ 31 ፊልሞች ላይ በመሪ ተዋናይነት ሲሠራ አብዛኞቹ ለድምፁ የማይመጥኑ ዘፈኖችን አሸክመውታል፤ በ1968 በቴሌቪዥን ጥቂት ሙዚቀኞችን አስከትሎ እስኪቀርብ ድረስም የቀድሞው ኃይሉ ተዳፍኖ ቆይቷል።

የሸርሊ ባሲ መንገድ ከዚህ ጋር የሚገናኝ አይደለም። አባቷ ናይጄሪያዊ መርከበኛ፣ እናቷ እንግሊዛዊት ሲሆኑ፣ የተወለደችበት የታይገር ቤይ ሠፈር ከብዙ አገር የመጡ የመርከብ ሠራተኞች የሚኖሩበት ነበር። ገና በልጅነቷ ትምህርቷን አቋርጣ በፋብሪካ ተቀጠረች፤ ማታ ማታ ደግሞ ትዘፍን ነበር። ስለዚህ ድምፅዋ ጫጫታ በበዛበት አዳራሽ የሰውን ጆሮ ማስገበር የተማረው በሥራ ላይ ነው። በ1964 ለ«ጎልድፊንገር» ፊልም የዘፈነችው ዘፈን የትንፋሽ መሣሪያዎች ከበዙበት ኦርኬስትራ ጋር ግብግብ የገጠመ ድምፅ የሚሰማበት ነው። ባሲ የምትዘፍነውን ቃል እንደ ተዋናይ ትይዘዋለች፤ እጇን ስትዘረጋ ግጥሙ ቦታ ያገኛል። አንዳንድ ጊዜ ለስላሳውን ዘፈን ሳይቀር ወደ ከፍተኛው ድምፅ እየገፋች ስስነቱን ታጠፋበታለች ቢባል ሐሰት አይሆንም። ይሁንና ይኸው የማያመነታ ጉልበት ነው ከዘመን ጓደኞቿ የለያት።

ቦዊ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ዴቪድ ጆንስ የሚለውን ስሙን ትቶ ሌላ ስም ማውጣቱ የጠቅላላ ሥራው ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ከሊንድሴይ ኬምፕ ዘንድ ያለ ቃል በሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ መተወንን ተማረ። በ1972 ዚጊ ስታርደስት የተባለ ልብ ወለድ ዘፋኝ ፈጥሮ ራሱ ሆኖ ታየ፤ ጥቂት ቆይቶም ገጸ ባሕርዩን ጣለው። በ1975 የፊላደልፊያን የጥቁሮች ሙዚቃ ተከተለ፤ በ1977 በበርሊን ሌላ ድምፅ ፈለገ። ኤልቪስ የተለያዩ ወንዞችን በአንድ ጉሮሮ ሲያገናኝ፣ ባሲ አንዱን ስሜት እስከ ጫፉ ስታደርስ፣ ቦዊ ግን ጭምብል እየለዋወጠ «ዘፋኙ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ የጥበቡ ርእስ አደረገው። ሦስት ከያንያን፣ ሦስት የኑሮ መሠረት፣ ሦስት የጥበብ መርሕ። ዕለቲቱ ያዋሐደችው ነገር የለም።

የቀን ቆጠራው ዝምድና በቀላሉ እንደሚፈርስ ለማየት መቁጠሪያውን መለወጥ ብቻ ይበቃል። ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ፔጅና ዘፋኟ ጆን ባኤዝ በአውሮፓውያን ዘንድ የአንድ ቀን ልጆች ናቸው፤ ባኤዝ በ1941፣ ፔጅ በ1944 ጃንዋሪ 9 ቀን ተወለዱ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታይ ግን የባኤዝ ልደት ጥር 1 ቀን 1933 ዓ.ም. ይውላል። የፔጅ ልደት የዋለው ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በመጣው ዓመት ስለ ሆነ ታኅሣሥ 30 ቀን 1936 ዓ.ም. ነው። በዚህም መሠረት ፔጅ ከባኤዝ ተለይቶ ከኤልቪስ፣ ከባሲና ከቦዊ ጋር ይመደባል ማለት ነው። መቁጠሪያ ሲለወጥ የሚለወጥ ዝምድና የሙዚቃ ዝምድና ሊባል አይችልም።

ነገር ግን ፔጅ ወደዚህ ጭውውት የገባው ለቀን ቆጠራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እርሱና ሦስቱ ሰዎች በእርግጥ የሚገናኙበት ሌላ መንገድ አለ። ፔጅ ጊታር እንዲያነሣ የገፋፋው ኤልቪስ በ1955 ያወጣው አንድ ሸክላ መሆኑን በተደጋጋሚ ተናግሯል፤ በዚያ ሸክላ ላይ ጊታር የሚጫወተው ስኮቲ ሙር ነበር። ከዚያም ሌድ ዜፕሊን የተባለውን ባንድ በ1968 ከማቋቋሙ በፊት በለንደን ስቱዲዮዎች እየተጠራ በክፍያ የሚጫወት ሙዚቀኛ ሆኖ ሠራ። በዚሁ ሥራው ባሲ «ጎልድፊንገር»ን ስትቀርጽ እንደ ነበረ ራሱ መስክሯል። በ1965 ቦዊ ገና ስም ሳያወጣ ከአንድ ባንድ ጋር በቀረጸው ሸክላ ላይም ጊታር ተጫውቷል። እንግዲህ ከቱፔሎው ልጅ ሸክላ ተነሥቶ ወደ ባሲና ወደ ቦዊ ቀረጻ የሚያደርስ የታወቀ መንገድ አለ። ይህ መንገድ የተሠራው በሸክላ፣ በልምምድና በስቱዲዮ ሥራ ነው። የልደት ዝርዝር የሚያነብ ፕሮግራም ግን የስኮቲ ሙርን ስም ለመጥራት ምክንያት አያገኝም፤ ሙር የተወለደው በሌላ ቀን ነውና።

ከሙር ይልቅ የተረሳም አለ። ኤልቪስ ዘፈኑን የወሰደበት አርተር ክራዳፕ ሥራውን በ1946 ያስቀረጸ ሰው ነበር። ዘፈኑ በሌላ ሰው አፍ ዓለምን ሲዞር እርሱ ከድርሰቱ ሊያገኝ የሚገባውን ክፍያ ሳያገኝ በ1974 ሞተ። ጃንዋሪ 8 ቀን በየዓመቱ ሲከበር የክራዳፕ ስም የማይነሣ ከሆነ በዓሉ ዕዳ መሸፈኛ ይሆናል። የልደት ዝርዝር ጥፋት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ከምንም ተነሥቶ፣ በተወለደበት ቀን በረከት ብቻ ታላቅ የሆነ ሲመስል፣ ያስተማሩትና ያበደሩት ሁሉ ከታሪክ ይወጣሉ።

ሆኖም የልደት ቀን ከጥበብ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም ብሎ መደምደም ደግሞ ችኩልነት ይሆናል። ቦዊ ከኤልቪስ ጋር በአንድ ቀን መወለዱን ያውቅ ነበር፤ ይደነቅበትም እንደ ነበር ተናግሯል። ከዚህም አልፎ ቀኑን ለሥራው ተጠቀመበት። ለአሥር ዓመታት ያህል አዲስ አልበም ሳያወጣ ቆይቶ በ2013፣ 66 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ሳይታሰብ አዲስ ዘፈን ለሕዝብ አቀረበ። በ2016 ደግሞ የመጨረሻ የሆነውን «ብላክስታር» የተሰኘ አልበም በ69ኛ የልደት ቀኑ አወጣ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ዐረፈ። ሞትን የሚመለከት ሥራ በልደት ቀን መውጣቱ ለአድማጩ ተጨማሪ ትርጉም ሰጠው። እዚህ ላይ ግን ቀኑ ለቦዊ የሰጠው ነገር የለም፤ ለቀኑ ትርጉም የሰጠው ቦዊ ነው። ልዩነቱን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ይህ ጉዳይ የአገራችንን ሙዚቃም ይመለከታል። በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት የተለየው ዓለማየሁ እሸቴ «የአቢሲኒያው ኤልቪስ» በሚል ቅጽል ይጠራ ነበር። በእርግጥም በጠጉሩ አበጣጠር፣ በአለባበሱና በመድረክ እንቅስቃሴው የአሜሪካዊውን ዘፋኝ አርአያ እንደ ተከተለ አልደበቀም። ከኤልቪስ ጋር ያቆራኘው ቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ፊልምና ሸክላ ነበር፤ ከዚህ አንጻር በአንድ ቀን ከተወለዱት ከባሲና ከኤልቪስ ይልቅ የዓለማየሁና የኤልቪስ ዝምድና ይቀርባል። ይሁን እንጂ ቅጽሉም እንደ ልደት ዝርዝሩ የሚሸፍነው ነገር አለው። ዓለማየሁ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ የተኮተኮተ፣ በአማርኛ የዘፈነ፣ እንደ ግርማ በየነ ካሉ ደራሲና አቀናባሪ ጋር የሠራ፣ በ1969 በአምሃ እሸቴ አሳታሚነት የወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ድምፅ የሆነ ከያኒ ነው። «ኤልቪስ» የሚለው ቃል ከነዚህ አንዱንም አይናገርም። የወሰደውን ብቻ ተናግሮ የጨመረውን የሚተው ስም ግማሽ ምስክር ነው።

ስለሆነም የልደት መታሰቢያ ፕሮግራሞች ይቅሩ ማለት አያስፈልግም። አድማጭ የሚወደውን ዘፋኝ በዓመት አንድ ቀን ቢያስታውስ ነውር የለበትም። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ግን ከስሙና ከዘፈኑ ጋር የዘፋኙን መምህር፣ ከበስተኋላው የሚጫወተውን ሙዚቀኛና የዜማውን ደራሲ አብሮ ሊጠራ ይገባል። የኤልቪስ ዘፈን በተሰማበት ዕለት የክራዳፕ የ1946 ቅጂ አብሮ ቢሰማ፣ የዓለማየሁ ዘፈን ሲሰማ የአቀናባሪው ስም ቢነገር፣ አድማጩ ስለ ሙዚቃ ከብዙ ቀናት ዝርዝር የበለጠ ዕውቀት ይዞ ይነሣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሸክላው ላይ የተጻፉትን ትንንሽ ስሞች አንብቦ ጮክ ብሎ መናገር ብቻ ነው።