ግድግዳው ለማን ይቀባ?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ታፔላ እየሠራ የሚዞር ሰው ማን እንደሚከፍል ቶሎ ይገባዋል። ቢራ ይከፍላል፤ የታሸገ ውሃም ይከፍላል። ድርቆሽና ብሎኬት ሻጩ ግን ደጅህ ድረስ አይመጣም። እህል ነጋዴው «ጤፍ አለ» ብሎ ካርቶን ላይ ይጽፍና ይሰቅላል። ጤፍን ለማሞገስ ገንዘብ ቢያወጣ የሚጠቅመው ጎረቤቱንም ጭምር ነዋ!

ቢራ ሌላ ነው። ዋናው ወጪ ፋብሪካው ሲተከል ወጥቷል፤ አንድ ጠርሙስ ጨምሮ መጥመቅ ብዙ አያስወጣም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጨማሪ ጠጪ ትርፍ ነው። የቢራዎቹ ዋጋ ተቀራራቢ፣ ጣዕማቸውም ያው ነው፤ ስሙን ሸፍነህ ብትቀዳለት የራሱን ቢራ የሚለይ ጠጪ ጥቂት ነው (ይህን ለደንበኞቼ አልናገርም)። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትል ቀድሞ አፍ ላይ የመጣው ስም ይሸጣል። በሩም፣ ጃንጥላውም፣ ፍሪጁም የሚቀባው ለዚያች ቅጽበት ነው። እኔም ስሙን ከሚሮጥ ሚኒባስ ውስጥ እንዲነበብ አድርጌ አገዝፈዋለሁ፤ ሌላውን ጽሑፍ ሁሉ ብተወው ደስ ይለኛል።

የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የውጭው የመጠጥ ኩባንያ ዲያጂዮ በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሄኒከን የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ቀድሞ ይዞ ነበር፤ በኋላ ዋልያ የተባለውን ቢራ አወጣ፤ ሐበሻ ቢራም ገበያውን ተቀላቀለ። ይህን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰ ኩባንያ ተፎካካሪው ሲቀባ እጁን አጣጥፎ አያይም። ሁለቱም ሲቀቡ የጠጪው ቁጥር ላይጨምር ይችላል፤ ግን ቀድሞ ማቆም የሚደፍር የለም። እዚህ ላይ የሚያተርፈው ቀቢው ነው። ፋብሪካው ግን ባለቤት ይቀይራል፤ በ2014 ዓ.ም. ሜታን ሌላው የቢራ ኩባንያ ቢ.ጂ.አይ. ጠቀለለው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ሕጉ ደግ ነው፤ ለአዲስ ገቢ ቢራ ግን ከባድ ነው። ትናንት በቴሌቪዥን የታወቀው ነባር ቢራ ስሙ ከሰው ጆሮ አልጠፋም፤ አዲሱ በምን ይሰማ?

ውሃ ደግሞ እርስ በርሱ በመመሳሰል ከቢራም ይብሳል። ሱሉልታ ላይ ኔስሌ እ.ኤ.አ. በ2016 ድርሻ የገዛበት የታሸገ ውሃ አምራች አቢሲኒያ ስፕሪንግስ አለ። ውሃ መልክም ሽታም ስለሌለው የምንስለው ተራራ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም የምንጨርሰው በእሱ ነው። ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ግን ለአዲስ አበባ ቧንቧ ውሃ ሲልክ ኖሯል፤ ለእሱ ታፔላ ያዘዘኝ የለም። የቧንቧ ደንበኛ ሌላ ቧንቧ አያማርጥማ!