የጣሳዋ ጤና አዳም

ደብረ ታቦር ላይ ቡና ሲፈላ፣ ሲኒው ውስጥ ጤና አዳም ካልገባበት ለእኔ ጎዶሎ ነው። በየደጁ፣ በዘይት ጣሳም ይሁን በተቆረጠ ጀሪካን፣ አንድ እግር የማይጠፋውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ደጋ፣ የጣሳ ተክል ጠላቱ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ቀዳዳ የሌለው ጣሳ ኩሬ ይሆናል፤ ጤና አዳም ደግሞ ውኃ የተኛበት አፈር አይወድም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ብዙ ሰው ጠምቶት መስሎት ውኃ ይጨምርለታል፤ በዚያው ይገድለዋል።

የማደንቀው የጎረቤቴን እጅ ነው። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ የኅዳር ውርጭ ሳይደርስ፣ ጣሳውን ገልብጠው ተክሉን ከነአፈሩ ያወጡታል። ሥሩ ዙሪያውን ተጠማዝዞ እንደ ሹሩባ ተገምዶ ይገኛል። ቸኩለው አይጎትቱትም፤ በጣታቸው ያፍታቱታል። የጠቆረውንና የላመውን በቢላዋ ቆርጠው፣ ነጣ ጠንከር ያለውን ይተዉታል። የአዲሱ ጣሳ ቂጥ በምስማር ይበሳል። ከዚያ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ፤ ትኩሱ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የረዘመውን ቅርንጫፍም ይከረክሙታል፤ ትንሽ ሥር ብዙ ቅጠል አይቀልብማ! ለጥቂት ቀናትም ጥላ ውስጥ ይሰነብታል።

ግንዱ ብቻ የቀረው የእኔው ጤና አዳም እንዲህ ተርፎ ለገና ቡና ደርሷል። እናንተም የጣሳችሁን ቂጥ እዩት፤ ካልተበሳ ምስማር ፈልጉ።