ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ

ዓይነ ስውር ሯጭን ለመምራት አዲስ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቃጣው መጎተት ነው። ለማገዝ አስቦ ነው፤ የውድድር ሕጉ ግን አይፈቅድም፣ ሯጩም አይወደውም። በእኔ በመሪውና በሯጩ መካከል ያለው ገመድ አጭር ነው፣ አይለጠጥም። ጎን ለጎን የሆኑት እጆቻችን አብረው ካልተወዛወዙ ወዲያው ይወጠራል፤ ያኔ የሯጩ ትከሻ ይጠመዘዛል፣ እርምጃውም ይሰበራል። ስለዚህ እሱ ግራ እግሩን ሲያነሳ እኔ ቀኜን አነሳለሁ። ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ነው።

እዚህ ስቶክሆልም ዙሪያ፣ ሃሉንዳ ውስጥ፣ ይህን ሥራ የሚያስተምረው ክረምቱ ነው። በዲሴምበር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። የምንሮጠው መብራት በተተከለለት የጫካ መንገድ ላይ ነው። በበረዶው ላይ የተበተነው ጠጠር ከጫማችን ሥር ሲንኮሻኮሽ ደህና ነን፤ ድምፁ ከጠፋ የሚያዳልጥ አለ ማለት ነው። ይህን ብዙ ጊዜ ከእኔ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። «ጠጠሩ አለቀ፣ ቀስ በል» ይለኛል።

የእኔ ድርሻ ንግግር ነው፤ ንግግሩም መመጠን አለበት። «ተጠንቀቅ!» ብሎ መጮህ ያስደነግጣል እንጂ የሚነግረው ነገር የለም። «ዳገት፣ አጭር ነው»፣ «ወደ ግራ፣ በቀስታ» ይበቃል። መም ላይ ደግሞ ኩርባው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ፣ ከፊት ማን እንዳለ፣ ስንት ሜትር እንደቀረ መናገር ያስፈልጋል፤ ያውም እየሮጡ። መሪው ከሯጩ የፈጠነ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ ያየሽ ጌቴ ከመሪዋ ክንዱ ሲሳይ ጋር ሮጣ የ1500 ሜትር ወርቅ በቲ11 (በዓይነ ስውራን ምድብ) ስታገኝ የገባችው በ4:27.68 ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን። በዚህ ምድብ ጭላንጭል የሚታየውም ሯጭ ቢሆን ዓይኑን ይሸፍናል። ክንዱ በዚያ ፍጥነት እየተነፈሰ መናገር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከእሷ ኋላ ቀርቶ መስመሩን ማለፍ ነበረበት። መሪ ከቀደመ ውጤቱ ይሰረዛል። ብዙ ተመልካች ያየሽን ብቻ ነው ያየው፤ እኔ ግን ዓይኔን ከክንዱ እጅ መንቀል አልቻልኩም።

በዚያው ፓራሊምፒክ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶኑን ልትጨርስ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት የተዝለፈለፈ መሪዋን ለመደገፍ ገመዱን ለቀቀች፤ ሦስተኛ ብትገባም ውጤቷ ተሰረዘ። ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ገመዱ የተሠራው ለሯጯ ነው።

በስቶክሆልም ዙሪያ የምትሮጡ ወገኖቼ፣ ሥራው ሥልጠና እንጂ ርኅራኄ አይጠይቅም። 10 ኪሎ ሜትር እያወራችሁ መጨረስ ከቻላችሁ በሳምንት አንድ ምሽት ስጡን። በቋንቋው የሚመራው ሰው የሚፈልግ ሯጭ አለ፤ ኑ።