ከያሬድ ጎን መንዙማው የት ሄደ?

ቅዳሜ ጠዋት ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ጽዶቹ መሀል እየተራመድኩ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ሰማሁ። ስለ ኢትዮ ጃዝ ሲጻፍ ቅዱስ ያሬድ ይነሳል፣ የደራሼ ዋሽንትም ይነሳል። እስልምናስ? ዝም!

አሜሪካ ላይ እኮ ነገሩ በስም ይታያል፤ አህመድ ጀማልና ዩሱፍ ላቲፍ ሲሰልሙ ስማቸውን ቀየሩ፣ አርት ብሌኪም አብዱላህ ኢብን ቡሃይና ተባለ። እኛ ጋ ስም አይበቃም፤ ቅኝቱን መስማት ያስፈልጋል። ኢትዮ ጃዝ ከቆመባቸው ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። እዚያው ወሎ መንዙማ በድቤ ይወርዳል፦ አንዱ ይመራል፣ ጀማው ይቀበላል፣ ያው ዜማ እየተመላለሰ ሌሊቱ ይነጋል። ይህን ምልልስ ከቫይብራፎኑ ሥር ከሚዞረው ቤዝ ጋር አስተያዩት።

ሙላቱ ከመንዙማ ቀዳ እያልኩ አይደለም። ቅሬታዬ ከእኛ ከጸሐፊዎቹ ጋር ነው፤ ኮንጋውን ሰምተን ላቲን ለማለት የፈጠንን ሰዎች፣ ደሴ ማዶ ያለውን ድቤ አልጠየቅነውም።

ስመለስ አንድ የወሎ መንዙማ ከፍቼ ጨረስኩና አልበሙን ደገምኩት። ቤዙን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም ነበር።